ለዐሊማ የተከፈተው ካሴት

ዐሊማን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለማምጣት ከቪዲዮው የተሻለ ሰበብ አልተገኘም። ታናሽ ወንድሟ ሳሊሕ ሲያወጣ ሲያወርድ አደረ። አሞኛል ብሎ እንዳይልክባት በድንጋጤ መንገድ ላይ ልትቀር ነው፤ ሰርግ አለ እንዳይላት የዘመድ ሰርግ ሳትሰማ የምትቀር ሴት አይደለችም። ጠዋት ሻዩን ፉት እያለ ሳለ ሳሎኑ ጥግ ላስቲኩን እንደለበሰ የተቀመጠውን የቪዲዮ ማጫወቻ አየው። ጂዳ የሚኖረው ወንድሙ በመንገደኛ የላከው ነው፤ አንድ ካሴትም አብሮት መጥቷል። «በቃ፣ ፊልም መጥቷል፣ አብረን እንይ በያት» አላት ሚስቱን ሐምዲያን። ልጇ የሞተባትን ሴት ፊልም ላሳይሽ ብሎ ማምጣት ለሐምዲያ ነውር ሆኖ ተሰማት፤ ግን እሷም ሌላ የምታቀርበው ሰበብ አልነበራትም። ሻሿን አስራ ነጠላዋን ደርባ ወጣች።

ጀማሉዲን የዐሊማ አንድ ልጅ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ቤት የሚያሰኘው እሱ ብቻ ነበር። ባለፈው ዓመት ጫማ ልግዛ ብሎ ገበያ እንደወጣ በአፈሳ ተይዞ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሰሜን አዘመቱት። ረመዳን ሊገባ ሲል አንድ የቆሰለ ጓደኛው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝቶ ወደ ሳሊሕ ሰው ላከ። ሳሊሕ ሄዶ ሰማ። ጀማሉዲን ሲሞት ጓደኛው አጠገቡ ነበር፤ አፈር ያለበሰውም እሱው ነው። ሳሊሕ ሲመለስ ለሚስቱ የነገራት ከጨርቅ ሱቁ ጓሮ፣ አቡጀዲው በተከመረበት ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ ነው። ከመንግሥት በኩል የመጣ ወሬ የለም፤ ደፍሮ የሚጠይቅም አልነበረም። መርዶ ደግሞ እንደ ተራ ነገር በተገናኙበት አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌዎች ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ፣ እናቲቱ ስትወድቅ ደግፋ የምትይዛት ሴትም ከዋዜማው ጀምሮ ከአጠገቧ አትለይም። ሳሊሕና ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። በጾም አንጀቷ እንዴት ትስማ ተባለና ረመዳን አለፈ። ኢዱን አናበላሽባት ተባለና ኢዱም አለፈ። ከዚያ ወባ ያዛት፤ ትዳንና ተባለ። በመሃሉ ዐሊማ እጇን ዘርግታ ልጄን በሰላም መልስልኝ ባለች ቁጥር ዘመድ ሁሉ አሚን እያለ ከረመ። ሐምዲያም ብላለች። አሁን ግን ወሬው ኮምቦልቻ ገበያ ደርሷል፤ ዛሬ ነገ አንዱ አፉን ያመልጠውና መንገድ ላይ ትሰማለች። ስለዚህ ነገ ጎህ ሲቀድ እንዲነገራት ተቆረጠ። የሐምዲያ ድርሻ ዐሊማን ምንም ሳትጠረጥር ማዋልና ማሳደር ነው።

አውቶቡሱ ሐረጎን ሲወርድ የደሴ ጉም ከኋላ ቀረ፤ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ፀሐዩ ነጠላ ያስጥላል። ዐሊማ የምትኖረው ወደ ቦርከና በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ግማሹ ሱቅ ነው፤ ነጭ ጋዝ፣ ክብሪትና የልብስ ሳሙና ትሸጥበታለች። ግማሹ መኖሪያ ነው፤ ሁለት አልጋ ተዘርግቶበታል። በልጇ አልጋ ላይ የሚተኛ የለም፤ አንሶላው ግን በየሳምንቱ ይታጠባል። ሐምዲያ ወደዚያ አልጋ ላለማየት ብላ የጋዙን በርሜል አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ የራሷን ጫማ አየች። ፊልሙ በአረብኛ የሚናገር የሥዕል ፊልም መሆኑን ስትነግራት ዐሊማ ከልቧ ሳቀች። የተሳለ ሰው ይናገራል እንዴ? ያውም በአረብኛ? ታዲያ አንቺ አለሽልኝ፣ ታስተረጉሚልኛለሽ አለቻት። ሐምዲያ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ጂዳ ያደገች ናትና ቤተሰቡ ውስጥ አረብኛ የሚል ቃል በተነሳ ቁጥር ወደ እሷ ይዞራል። ዐሊማን ከወባው ከተነሳች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየቻትም ነበር፤ ደስታዋን ማየት ከበዳት። ዐሊማ ከሳጥኗ አረንጓዴ ቀሚሷን አወጣች፣ ዓይኗን ተኳለች፣ ባዶ እጄንማ አልሄድም ብላ ፓፓዬ በዘንቢል ያዘች። በሩን ቆልፋ ቁልፉን ለጎረቤቷ ስትሰጥ፣ ጀማል ድንገት ከመጣ ስጪው፣ የሚሞቅ ወጥ አለልህ በይው አለቻት። ጎረቤቷ ቁልፉን ተቀበለችና ሐምዲያን ቀና ብላ አየቻት። እሷም ታውቅ ኖሯል።

በመልሱ መንገድ ዐሊማ ወሬዋን አላቋረጠችም። ቀበሌው የሚያድለው ስኳር ከወር ወር እያነሰ መምጣቱን፣ ጋዝ ሲጠፋ ሰው እሷን ደብቃለች ብሎ እንደሚያማት፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ደሞዝ በወሰዱ ማግስት ሳሙና እንዴት እንደሚሻሙ፣ ሁሉንም እየሳቀች አወራች። ሐምዲያ አዎ፣ ኧረ፣ እንዴታ እያለች ተከተለቻት። ኬላው ላይ ሁሉም ሰው ወርዶ ተፈተሸ። ፈታሹ ወታደር ገና ጢም ያላወጣ ነው፤ የዐሊማን ዘንቢል ገልጦ ፓፓዬውን ሲያይ ዓይኑ እዚያው ቀረ። ዐሊማ አንዱን አንስታ ጀባ አለችው። ልጁ ግራ ቀኙን አይቶ ተቀበላት፣ መረቃትም። ወንበሯ ላይ ስትመለስ፣ «የሰው ልጅ ነው፣ የኔንም አንዷ ታጎርሰው ይሆናል» አለች ለሐምዲያ። ሐምዲያ ምላሷ ላይ መጣባት። እዚያው፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ልትነግራት ነበር። ግን መርዶ በአንዲት ሴት አፍ፣ በመንገድ፣ ሽማግሌ ሳይቆምበት ተነገረ ቢባል ሳሊሕ በሰው ፊት ምን ሊመልስ ነው? ከተሳሳተች፣ ዐሊማ ደንግጣ አንድ ነገር ብትሆን፣ ዕድሜ ልኳን አንቺ ነሽ እየተባለች መኖሯ ነው። ዋጥ አድርጋው በመስኮቱ ወደ ገደሉ አየች። ዐሊማ ደክሟት ኖሮ ትከሻዋ ላይ ተኛችባት።

የሳሊሕ ቤት ደሴ፣ ሸዋ በር አጠገብ ነው። አያቱ ከየመን መጥተው የሠሩት ባለ ደርብ ቤት ሲሆን፣ ከታች ሱቁ፣ ከላይ መኖሪያው አለ፤ ግማሹን ደርብ ግን ትርፍ ቤት ነው ብሎ ቀበሌው ወስዶ ተከራይ አስገብቶበታል። ተከራይዋ አትጠገብ ትባላለች፤ የአስተማሪ ሚስት ናት። መጀመሪያ ሰሞን ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም፤ አሁን ግን ከሐምዲያ ጋር ወንፊት ሲዋዋሱ ይውላሉ። እሷም ምስጢሩን ታውቃለች። ሳሎኑ ውስጥ የሳሊሕ አክስት ኡሙሰልማም ነበሩ። ኡሙሰልማ ነፍስ ያለው ነገር ሥዕል ሐራም ነው ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረው መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ታዲያ ለምን ሌላ ክፍል አይቀመጡም ሲባሉ፣ ጆሮዬ ምን አጠፋ ብለዋል።

ምሳ ቀረበ። ሐምዲያ ያየችው ያኔ ነው፤ ሁሉም ሰው ለዐሊማ ከመጠን በላይ ደግ ሆኗል። ሳሊሕ ለእህቱ ከወጡ ሥጋ ሥጋውን እየለቀመ ይገፋላታል፤ ልጅ ሆነው የወጥ ሥጋ ሲሻሙ ያደጉ ናቸው። አትጠገብ ከቤቷ ድረስ ሄዳ የራሷን ትራስ አምጥታ ከጀርባዋ አደረገችላት። ኡሙሰልማ፣ ሰው ሲያመሰግኑ የማይታወቁት ኡሙሰልማ፣ ቀሚስሽ ያምርብሻል አሏት። ዐሊማ እያፈረች ሳቀች፣ ምን ሆናችኋል ዛሬ፣ እንደ ሙሽራ አደረጋችሁኝ አለች። ሳሊሕ ውሃ አንስቶ ጠጣ። ሐምዲያ ተዉ ልትላቸው ፈልጋ ነበር፣ ግን እሷ ራሷ ሳታስበው የፓፓዬውን ፍሬ አንድ በአንድ እየለቀመች ለዐሊማ ትቆርስላት ነበር።

ከምሳ በኋላ ሳሊሕ ቴሌቪዥኑን ከማጫወቻው ጋር አገናኘው። ገመዱን ሦስት ቦታ ሰክቶ ሲነቅል፣ አትጠገብ መጋረጃውን ዘጋች። በመጨረሻ ሥዕሉ ብቅ አለ፣ የአረብኛ ዘፈንም ተከተለ። የሕፃናት ድምፅ ነው፤ ኡሙሰልማ መንዙማ መስሏቸው ጭንቅላታቸውን ወዝወዝ አደረጉ። ንግግሩ ሲጀመር ደግሞ ይህማ የኪታብ አረብኛ ነው፣ እንዲህ ጥርት አድርጎ የሚናገር ቁርኣን አንባቢ ቃሪእ እንኳ አላየሁም ብለው ተደነቁ። ተናጋሪዋ ሰማያዊ ፀጉር ያላት የተሳለች ልጅ መሆኗን የነገራቸው ሰው የለም። አትጠገብ በበኩሏ ዓይኗ የልጅቷ ፀጉር ላይ ነው፤ ምን ተቀብታ ነው እንዲህ የሆነው፣ ወይስ የእነሱ አገር ሰው እንዲህ ነው አለች። ሳሊሕ ሠሪዎቹ ጃፓኖች ናቸው፣ ጃፓን ሠርቶት፣ አረብ አናግሮት፣ ደሴ ገባ ብሎ ሳቀ። ቶዮታን የሠራ ሰው ፀጉር ማቅለም ያቅተዋል? ይህን ብሎ ጃኬቱን ደረበ፣ ሐምዲያን በዓይኑ አደራ ብሏት ሽማግሌዎቹን ሊያነጋግር ወጣ።

ሐምዲያ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ጂዳ እያለች የተሳለ ፊልም ታውቃለች፤ ድመት አይጥ ስታሳድድ፣ ሰው ከገደል ወድቆ ሳይሞት ሲነሳ። ይህ ሌላ ነው። ከተማው ባሕር ዳር ነው፣ ዝናብ ይዘንባል። ጠብታው ቅጠል ላይ ያርፋል፣ ቅጠሉ ከክብደቱ የተነሳ ጎንበስ ይላል፣ ውሃውን ያፈስና መልሶ ቀና ይላል። ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሳለ ሰው አለ። ከሾርባው ሳህን የሚነሳው እንፋሎት ይታያል፣ መስኮቱ በእስትንፋስ ይደበዝዛል፣ ልጅቷ በጣቷ ትጠርገዋለች። አትጠገብ አፏን ይዛ ቀረች፤ ለአንድ ቅጠል ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው ሚስቱን እንዴት ይይዛት ይሆን አለች፣ ሁሉም ሳቁ። ዐሊማ ዝናቡንም ቅጠሉንም አላነሳችም። «አንገቷ ይበርዳታል» አለች ብቻ። «አንድ ነገር ጣል አያደርጉላትም?»

ካሴቱ ላይ ያለው ተከታታይ ፊልም ነው፤ ክፍል በክፍል ይሄዳል። ልጅቷ ሰና ትባላለች። እናትም አባትም የላትም፤ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ራሚ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ራሚ ለሥራ በመርከብ ይሄዳል፣ በመከር በዓል እመለሳለሁ ይላታል። ሐምዲያ ሲሰናበቱ የሚባባሉትን አንድ በአንድ ተረጎመች። ዐሊማ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ አለቀሰች። ዕንባዋን ለመደበቅ አልሞከረችም፤ አትጠገብም አብራት አለቀሰች፣ ኡሙሰልማ ግድግዳቸውን እያዩ አፍንጫቸውን ጠረጉ። ሐምዲያ ግን ፊልሙ ወዴት እንደሚሄድ ሰጋች። ሳሊሕ ካሴቱን አስቀድሞ አላየውም፣ እሷም አላየችውም። የልጅ ፊልም ነው ተብሎ ነው። አሁን ብነሳና መብራት ጠፋ ብል እያለች ስታስብ ሁለተኛው ክፍል ጀመረ።

በሁለተኛው ክፍል ሌሊት አውሎ ነፋስ ይነሳል። ጠዋት ጀልባ ቀዛፊው ሽማግሌ ወደ ከተማው ይሮጣል፣ የከተማው ሰዎች ዓሣ በሚደርቅበት አዳራሽ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። መርከቡ ሰጥሟል፣ የተረፈ የለም ይላቸዋል። ከዚያ ይነጋገራሉ። ለልጅቱ ማን ይንገራት ይላሉ። አንዱ አሁን አይሆንም፣ የመከር በዓሉ ይለፍ፣ በዓሉን አናበላሽባት ይላል። ሌላው ይስማማል። ሐምዲያ የሰማችውን ማመን አቃታት። ጃፓን ይሁን የትም ይሁን፣ እነዚህ የተሳሉ ሰዎች የሳሊሕንና የሽማግሌዎቹን ቃል በኪታብ አረብኛ እየደገሙት ነው። ዐሊማ ምን አሉ፣ ምን አሉ እያለች ጉልበቷን ትነካካታለች። ስለ በዓሉ ነው የሚመካከሩት፣ ድግሱን እንዴት እንደሚያደርጉት ነው አለች ሐምዲያ። ኡሙሰልማ ኪታብ የቀሩ፣ አረብኛ የሚሰሙ ናቸውና የተባለውን ሰምተዋል፤ መቁጠሪያቸው ቆመ። ዐሊማ ወደ ሐምዲያ ዞር ብላ አየቻት፣ ከዚያ እንደገና ወደ ሥዕሉ። ሰዎቹ አሁንም ይናገራሉ፣ ረጅም ነው ንግግራቸው። አንዳቸውም ቀና አላሉም፤ ሁሉም የገዛ ጉልበታቸውን ነው የሚያዩት። ሠዓሊው የአንዱን ሽማግሌ እጅ ለብቻው አጉልቶ አሳይቷል፤ ባርኔጣውን ይዞ ጠርዙን ያሻሻል። ዐሊማ ያንን እጅ አየች።

ሦስተኛው ክፍል በዓሉ ነው። ከተማው በፋኖስ አሸብርቋል፣ ውሃው ላይ የፋኖሶቹ ብርሃን ይንቀጠቀጣል፤ አትጠገብ ሳታስበው ውይ ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ሰና በመንገዱ ላይ ትሄዳለች። ዓሣ ሻጩ ጠርቶ ትልቁን ዓሣ በቅጠል ጠቅልሎ ይሰጣታል። ዳቦ ጋጋሪዋ ትኩስ ዳቦ ትይዝላታለች። ከዚህ በፊት የምትቆጣት ሴት አስቀምጣ ፀጉሯን ታበጥርላታለች። ልጅቷ ትስቃለች፣ በትልልቅ ዓይኖቿ ውስጥ ፋኖሱ ሁሉ ይታያል። ሐምዲያ ትርጉሟን ትታለች፤ የሚተረጎም ብዙም አልነበረም። አረንጓዴው ቀሚስ ላይ ያረፉት የዐሊማ እጆች አይንቀሳቀሱም። ከጀርባዋ ያለውን ትራስ ቀስ ብላ አወጣችና አየችው፣ ከዚያ አትጠገብን አየቻት። አትጠገብ አንገቷን ደፋች።

«አጥፊው ሐምዱ» አለች ዐሊማ።

ሐምዲያ አጠፋችው። መጋረጃው ተዘግቷልና ክፍሉ ከሥዕሉ ብርሃን ሲለይ ጨለም አለ፤ ከውጭ የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ጀምሯል። ዐሊማ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ልጅቷ አታውቅም፣ ከተማው ሁሉ ግን ያውቃል አለች። አረብኛ አልሰማሁ ይሆናል፣ ሰው ሲያዝንልኝ ግን አውቃለሁ አለች። ከዚያ ሐምዲያን ፊት ለፊት አየቻት።

«እኔስ ከመቼ ጀምሮ ነው የማላውቀው?»

ኡሙሰልማ ከጥጋቸው፣ ሐምዲያ፣ ተይ አሉ፤ ሽማግሌ አለ፣ ሥርዓት አለ፣ ነገ ነው። ይህን ሲሉ ነገሩን ጨርሰው እንደተናገሩት አላወቁም። ሐምዲያ ባሏን አሰበች፤ ፊቱ ሲጠቁር ታየት። ነገ በዚህ ቤት ደጃፍ ላይ የሚቆሙትን ሽማግሌዎች፣ የሚሉትንም አሰበች። ከዚያ ግን ዐሊማ ዓይኗን ሳትነቅል እያየቻት ነው፣ በዕንባ የራሰው ኩሏ እንኳ ገና አልደረቀም። ሐምዲያ ተነስታ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ ሁለቱንም እጆቿን ያዘቻቸው።

«ጀማል ሞቷል እትዬ።»

ዐሊማ አልጮኸችም። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አለች፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ማን ቀበረው አለች ቀጥላ። ሐምዲያ ጓደኛው በእጁ እንደቀበረው ነገረቻት። መቼ ሰማችሁ አለች። ረመዳን ሊገባ ሲል አለች ሐምዲያ። ዐሊማ ራሷን ነቀነቀች፣ ብዙ ጊዜ ነቀነቀች።

«ረመዳኑን ሙሉ አሚን ስትሉኝ ከረማችሁ።»

«አዎ» አለች ሐምዲያ። በጾም አንጀትሽ ብለን ነው፣ ኢዱ ነው፣ ወባው ነው ብላ ልታስረዳት ትችል ነበር። አንዱንም ሳትል ቀረች፤ ከዚህ ወዲያ መዋሸት አቅቷት ነበር። አትጠገብ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፣ ለመግባትም ለመውጣትም ቸግሯታል። ኡሙሰልማ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ዱዓ ጀመሩ። ሁሉም የዐሊማን ጩኸት ነው የሚጠብቀው። ጩኸቱ ግን አልመጣም። ዐሊማ ዓይኗን ከጠፋው ቴሌቪዥን ላይ አላነሳችም፣ ሐምዲያም ፈራች።

«አብሪው» አለች በመጨረሻ። «ሲነግሯት ልይ።»

አትጠገብ ደንግጣ ሐምዲያን አየቻት፣ አእምሮዋን የሳተች መስሏታል። ሐምዲያ ግን ተነስታ አበራችው። በዚህ ጊዜ አንድ ቃል አልዘለለችም። የከተማው ሰው ለልጅቷ የሚላትን፣ ከጀርባዋ የሚንሾካሾኩትን፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ዞር ብላ ስታለቅስ የምትለውን ሁሉ ተረጎመች። ዐሊማ ትክ ብላ ታያለች። በዓሉ ያልቃል፣ ፋኖሶቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፣ ልጅቷ ወደ ቤቷ ትገባለች። ጎህ ሊቀድ ሲል በሩ ይንኳኳል። ጀልባ ቀዛፊው ሽማግሌ ነው፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፣ ጫማው ረጥቧል። ሰና በሩን ትከፍታለች። ሽማግሌው ያያታል፣ አፉን ይከፍታል። እዚያ ላይ ሥዕሉ ተቆረጠ። መስታወቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ቀረ፣ ድምፁም ሺ ይል ጀመር። ካሴቱ አልቋል።

ዐሊማ ትንሽ ጠበቀች። «አልነገራትም?» አለች።

«ቀሪው ካሴት ጂዳ ነው እትዬ፣ አልመጣም።»

«ታዲያ እሷ ዛሬም አታውቅም» አለች ዐሊማ። ወደ ሐምዲያ ዞረች፣ እጇን ፊቷ ላይ አሳረፈች። «እኔን እንኳ ነገርሽኝ።»

ያኔ ነው የጮኸችው። ጀማል ብላ አንድ ጊዜ ብቻ ጠራችው፣ ድምፅዋ ደረጃውን ወርዶ ሱቁ ደረሰ፣ መንገዱም ሰማው። ሽማግሌዎቹን ለነገ ቀጥሮ በዝናቡ የተመለሰው ሳሊሕ በሩን በርግዶ ሲገባ ሐምዲያ እህቱን አቅፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ሁለቱም እያለቀሱ ነው። ሳሊሕ ከነርጥብ ጃኬቱ በሩ ላይ ቆመ። ማን ነው የነገራት አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ሐምዲያ፣ ዐሊማን ሳትለቅ።